«መካከለኛ» ይላል፤ እችለዋለሁ? የተራራ እግር ጉዞ ደረጃን እንዴት እንደሚያነቡ

ሐሙስ ማታ ሲሆን ስልኬ ላይ አንድ ዓይነት መልእክት መግባት ይጀምራል። የጉዞ ማስታወቂያ ፎቶ፣ ከሥሩ «ደረጃ፦ መካከለኛ» የሚል ጽሑፍ፣ ከዚያ ጥያቄው፦ «እችለዋለሁ?» ጠያቂው አንዳንዴ ኳስ የሚጫወት ጎረምሳ ነው፣ አንዳንዴ ጉልበቷን የሚያማት አክስቴ። ለሁለቱም አንድ መልስ ልሰጥ አልችልም፤ ማስታወቂያው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቷቸዋል።

ችግሩ ያ ቃል አምስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው፦ ርቀት፣ ዳገት፣ የመሬቱ ዓይነት፣ ገደል እና ከፍታ። ከታች ያለው ጥቅሉን ፈትቶ ለራስ የሚሆን መልስ ማግኛ መንገድ ነው። ቁጭ ብለው ከሠሩት ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

የሚያስፈልግዎ

- የመንገዱ ርቀት በኪሎ ሜትር፣ እንዲሁም መነሻው፣ መድረሻውና በመሃል ያሉት ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎች በሜትር
- ከፍታ የሚያሳይ ካርታ፤ ስልክ ላይ ኢንተርኔት ሳይኖርም የሚሠራ ቢሆን ይመረጣል
- ስኩዌር ሩት ያለው ካልኩሌተር (የስልክዎን ካልኩሌተር ወደ ጎን ሲያዞሩት ብዙ ጊዜ ይመጣል)
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ከዚህ በፊት በእግርዎ የሄዱበት አንድ መንገድ፣ ለመለኪያ
- በዚህ ወር እዚያ የደረሰ ሰው፤ አስጎብኚ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ወይም ጓደኛ

ደረጃ 1፦ ደረጃውን ማን እንደሰጠውና በምን እንደለካው ይወቁ

አገር ቤት በማስታወቂያ ላይ የምናየው «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» አብዛኛውን ጊዜ አዘጋጁ ራሱ በግምት የጻፈው ነው። ሳምንት በሳምንት ተራራ የሚወጣ ሰው «ቀላል» ሲል አይዋሽም፤ ለእሱ ቀላል ነው። ስለዚህ ከቃሉ በፊት ለካዩን ይጠይቁ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ አደገኛው ነገር ቀለም ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ቢጫ ምልክት ተራ የእግር መንገድን፣ ነጭ-ቀይ-ነጭ የተራራ መንገድን፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ደግሞ ልምድና መሣሪያ የሚጠይቀውን ከባዱን መንገድ ያሳያል። ድንበር ተሻግረው ጀርመን፣ ባቫሪያ ሲገቡ ሰማያዊ ማለት ቀላል ነው፤ ቀይ መካከለኛ፣ ጥቁር ከባድ። ሙኒክ የለመደ ሰው ስዊዘርላንድ ሄዶ ሰማያዊ ሲያይ ደስ ብሎት ቢገባ የት እንደሚደርስ ያስቡት። እስራኤል ውስጥ ደግሞ በሁለት ነጭ መስመር መካከል የሚቀባው ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ቀለም ስለ ክብደት ምንም አይናገርም፤ አንዱን መንገድ ከሌላው ለመለየት ብቻ ነው።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን ደርሶ መልስ ይጻፉ

«8 ኪሎ ሜትር» የሚል ካዩ መሄጃው ብቻ ነው ወይስ ደርሶ መልስ? ተጠይቆ ካልተጻፈ በቀር አይታወቅም። መኪናው ከየት እንደሚያወርድዎና ከየት እንደሚያነሳዎም ይጨምሩ፤ ከአስፋልቱ እስከ መነሻው ያለው ሁለት ኪሎ ሜትር ማስታወቂያ ላይ አይገባም፣ እግርዎ ውስጥ ግን ይገባል።

ደረጃ 3፦ ጠቅላላ ዳገቱን ይደምሩ፤ የሁለቱን ጫፍ ልዩነት አይውሰዱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ በምሳሌ ልሂድበት። ስሜን ተራሮች ውስጥ ራስ ደጀንን ለመውጣት የሚሄድ ሰው ከጨነቅ ካምፕ ተነስቶ አምቢቆ ያድራል። ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ፣ አምቢቆ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ሁለቱን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው «420 ሜትር መውረድ ነው፤ ቁልቁለት!» ብሎ ይደሰታል።

መንገዱ ግን መጀመሪያ ወደ ቧሂት መተላለፊያ፣ ወደ 4,200 ሜትር ይወጣል። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ይወርዳል። ከዚያ እንደገና ወደ አምቢቆ ይወጣል። ወረቀት ላይ እንዲህ ይጻፉት፦

- ከጨነቅ እስከ መተላለፊያው፦ 580 ሜትር ዳገት
- ከመተላለፊያው እስከ ወንዙ፦ 1,400 ሜትር ቁልቁለት
- ከወንዙ እስከ አምቢቆ፦ 400 ሜትር ዳገት

ድምሩ 980 ሜትር ዳገት እና 1,400 ሜትር ቁልቁለት ነው። «ቁልቁለት» የተባለው ቀን አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው አቀበት አለበት። የመጨረሻው 400 ሜትር ደግሞ የሚመጣው ጉልበት ካለቀ በኋላ ነው።

ዳገቱ የት ላይ እንዳለም ምልክት ያድርጉበት። ወንጪ ከአፋፉ ወደ ሐይቁ በእግር የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጠዋት እየሳቁ የሚወርዱት ሁሉ ከሰዓት በኋላ እያለከለኩ የሚወጡት ነው። ቁልቁለቱንም አይናቁ። ሳንባ ቢያርፍም ጉልበት አያርፍም፤ አክስቴን «እችለዋለሁ?» ብላ ስትጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው የቁልቁለቱን ድምር ነው።

ደረጃ 4፦ ርቀቱንና ዳገቱን ወደ አንድ ቁጥር ይለውጡ

ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል የሚርቀው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ መንገዶቹን የሚመዝንበት ቀላል ስሌት አለው። እነሱ በጫማና በማይል ይሠሩታል፦ ዳገቱን በ2፣ ከዚያ በርቀቱ ያባዙና ስኩዌር ሩቱን ይወስዳሉ። እኛ በሜትርና በኪሎ ሜትር ስለምናስብ ሲቀየር ይበልጥ ይቀላል፦

ጠቅላላ ዳገት በሜትር ሲባዛ በርቀት በኪሎ ሜትር፤ የውጤቱ ስኩዌር ሩት፤ እሱ በ2 ሲባዛ።

- ከ50 በታች፦ በጣም ቀላል
- ከ50 እስከ 100፦ መካከለኛ
- ከ100 እስከ 150፦ ጠንከር ያለ መካከለኛ
- ከ150 እስከ 200፦ ከባድ
- ከ200 በላይ፦ በጣም ከባድ

ከጨነቅ እስከ አምቢቆ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነው ብንል፦ 980 ሲባዛ በ20 19,600 ይሆናል፤ ስኩዌር ሩቱ 140፤ በ2 ሲባዛ 280። «ቁልቁለት» የተባለው ቀን ይህ ነው።

ይህ እርምጃ የሚጠቅመው በስሜት የተጻፉ ቃላትን እርስ በርስ ሊወዳደሩ ወደሚችሉ ቁጥሮች ስለሚለውጥ ነው። የማያየው ብዙ ነገር ግን አለ፤ ደረጃ 6 እና 7 ለዚያ ናቸው።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱን ያስሉ

በጀርመን የሚሠራበት የጉዞ ሰዓት ስሌት ለእኛም መንገድ በደንብ ይሠራል። መነሻው እንዲህ ነው፦ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት 300 ሜትር ዳገት፣ በሰዓት 500 ሜትር ቁልቁለት።

ሀ. የርቀቱን ሰዓት ያውጡ፦ 20 ለ4 ሲካፈል 5 ሰዓት።
ለ. የዳገትና የቁልቁለቱን ሰዓት ያውጡና ይደምሩ፦ 980 ለ300 ሲካፈል 3.3፤ 1,400 ለ500 ሲካፈል 2.8፤ በድምሩ 6.1 ሰዓት።
ሐ. ትልቁን ሙሉውን፣ ትንሹን ግማሹን ወስደው ይደምሩ፦ 6.1 እና 2.5፤ ወደ 8 ሰዓት ተኩል።

ይህ ያለ ዕረፍት ነው። ለምሳና ለፎቶ አንድ ሰዓት ጨምሩበት። ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳ ሰው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። «ቁርስ በልተን ቀስ ብለን እንነሳለን» ብሎ 3 ሰዓት የተነሳ ግን 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሊጨልም ሲል ወይም ጨልሞበት፣ የመጨረሻውን ዳገት ገና እየጨረሰ ነው። አንድ መንገድ «ከባድ» የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከመነሻ ሰዓቱ የተነሳ ነው።

ብቻውን የሚፈጥን ሰው ቢኖርም ስሌቱን በቡድኑ ውስጥ ለመጨረሻው ሰው ይሥሩ። ቡድን የሚሄደው በእሱ እግር ነው።

ደረጃ 6፦ መሬቱንና ገደሉን ለብቻ ይመልከቱ

እስካሁን የቆጠርነው እግር ብቻ እንደሚሠራ አድርገን ነው። እጅ የሚጠይቅ ቦታ ካለ ሁሉም ነገር ይቀየራል።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ይህን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ። ሸናንዶዋ ውስጥ ያለው ስቶኒ ማን 2.6 ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ፣ 104 ሜትር ዳገት ነው፤ ቁጥሩ 33። ልጆች ይዘው የሚሄዱበት ነው። ሜሪላንድ፣ ግሬት ፎልስ ያለው ቢሊ ጎት መንገድ የመጀመሪያው ክፍል 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱን በልግስና 100 ሜትር ብንለው ቁጥሩ ያው 33 ይመጣል። ግን ከፖቶማክ ወንዝ በላይ በድንጋይ ላይ እየዘለሉ፣ በእጅ እየቧጠጡ የሚሄዱበት ስለሆነ ፓርኩ ራሱ «ከባድ» ብሎታል። እዚያው ሸናንዶዋ ያለው ኦልድ ራግ ደግሞ ሁለቱንም አለው፤ ቁጥሩም ከ200 በላይ ነው፣ ከላይ ረጅም የድንጋይ መውጣትም አለበት።

ይህን ለይተው የሚለኩ ሁለት ሥርዓቶች አሉ፤ ሁለቱንም የሚያጋጥሙዎት በቁጥር ነው።

የአሜሪካው «ክላስ»፦ 1 የተጠረገ መንገድ ነው። 2 መንገዱ የሚጠፋበት፣ ድንጋይ የበዛበት፣ አልፎ አልፎ እጅ የሚያስፈልግበት። 3 በእጅና በእግር መውጣት። 4 እንደዚያው ሆኖ መውደቅ የሚገድልበት፣ ብዙዎች ገመድ የሚያወጡበት። 5 በገመድ ገደል የሚወጡ ሰዎች ሥራ ነው፤ እኛን አይመለከትም። ኮሎራዶ ያላችሁ፦ ኳንደሪ እና ሎንግስ ፒክ ሁለቱም ወደ 4,350 ሜትር ናቸው። የመጀመሪያው በተለመደው የምሥራቅ መንገዱ ክላስ 1፣ ሁለተኛው በተለመደው መንገዱ ክላስ 3 ነው። በከፍታ መንታ፣ በጠባይ የማይገናኙ።

የስዊዘርላንዱ «ቲ»፦ ከቲ1 እስከ ቲ6 ይሄዳል። ቢጫው ምልክት ቲ1፣ ነጭ-ቀይ-ነጩ ቲ2 እና ቲ3፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጩ ከቲ4 እስከ ቲ6 ነው። ይህ ደረጃ የሚለካው መሬቱን እንጂ ርዝመቱን አይደለም። ቲ1 የሆነ መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ «አንድ ነው» ብለው ያለ ውኃ እንዳይገቡ።

አገር ቤት እነዚህ ቁጥሮች ስለማይጻፉ አስጎብኚውን ሦስት ነገር ይጠይቁ። እጅ የሚያስይዝ ቦታ አለ? መንገዱ ዳር ገደል አለ፣ ስፋቱስ ምን ያህል ነው? እግር ቢንሸራተት ሰው የት ድረስ ይወድቃል? ሦስተኛው ጥያቄ ደስ አይልም፤ ትክክለኛ መልስ የሚያመጣው ግን እሱ ነው። ከፍታ ሲያዩ የሚያዞርዎት ከሆነም አይፈሩ፣ አስቀድመው ይናገሩ።

ደረጃ 7፦ ከፍታውን እንደ ራሱ አንድ ፈተና ይቁጠሩ

አብዛኞቹ የውጭ ደረጃዎች የተሠሩት ለዝቅተኛ ተራራ ነው። የሸናንዶዋ ከፍተኛው ጫፍ የአዲስ አበባን ከፍታ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከደረጃ 4 ያገኙት ቁጥር እኛ አገር ሲመጣ ሁልጊዜ ወደ ታች ያደላል።

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ኦክስጅን ይሰጣል። ራስ ደጀን ጫፍ አካባቢ፣ 4,500 ሜትር ላይ፣ ከ60 በመቶ በታች ይወርዳል። ባሌ ላይ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ መኪና ይወጣዋል። ከመኪና ወርደው ሃምሳ እርምጃ ሜዳ ላይ ሲራመዱ ልብዎ ሲመታ ይሰማዎታል። ምንም ዳገት የለውም፣ ገደልም የለውም፤ ከባድ ያደረገው አየሩ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ የሆነ አንድ ነገር ልናገር። ከዱባይ ለዕረፍት የመጣ የአጎቴን ልጅ በገባ በማግስቱ እንጦጦ ወሰድኩት። «ቀላል ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ቀላል ነበር፤ እዚሁ ነው የምኖረው። እሱ ግማሽ መንገድ ላይ ራሱን ይዞ ተቀመጠ። ከዲሲም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከጅዳም የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ አሳርፉት።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

- ከ2,500 ሜትር በላይ የሚያድሩ ከሆነ ጉዞውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይቁጠሩት፤ «መካከለኛ» ካለ «ከባድ» ብለው ይያዙት።
- ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያዎን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምሩ፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን ይረፉ። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ ማደር ችግር የለውም፤ የሚቆጠረው የሚተኙበት ነው።
- ስሜን ላይ ሳንቃ በር (3,250 ሜትር ገደማ)፣ ቀጥሎ ግጭ (3,600 ሜትር ገደማ)፣ ቀጥሎ ጨነቅ ማደር ከዚህ ደንብ ጋር ይስማማል። ከጎንደር በመኪና ተነስቶ በዚያው ቀን ጨነቅ ማደር ግን ከ1,400 ሜትር በላይ በአንድ ዝላይ መውጣት ነው። መንገድ ስላለ ብቻ ሰውነት አይከተልም።

ማስጠንቀቂያ፦ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከተለየ ድካም ጋር ከመጣ ከዚያ በላይ አይውጡ። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከቀባዠረ፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ወደ ታች ይወሰድ፤ ብቻውንም አይተው። ቀላል መፈተሻ፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር ይሂድ። ካቃተው አትጠብቁ።

ደረጃ 8፦ ወቅቱን ያክሉበት

ደረጃ የሚሰጠው ለደረቅ ቀን ነው። በክረምት ያው መንገድ ጭቃ፣ ጉምና የሞላ ወንዝ አለው፤ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጫፍ ላይ ከቀትር በፊት ደርሰው መውረድ ይጀምሩ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ 20 ሲሆን 4,300 ሜትር ላይ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ሌሊቱ ደግሞ ውርጭ ነው። በረሃ አካባቢ ያላችሁ ተቃራኒውን አስቡ። እስራኤል ውስጥ ወደ ማሳዳ የሚያወጣው የእባብ መንገድ በበጋ ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋል። መንገዱ ያው ነው፤ ፀሐዩ ግን ደረጃውን ቀየረው።

ደረጃ 9፦ ከራስዎ መንገድ ጋር ያወዳድሩ

አስቀድመው የሄዱበትን መንገድ በደረጃ 4 ያስሉት። ከጎኑ በማግስቱ እንዴት እንደነበሩ ይጻፉ። ቁጥሩ 80 ሆኖ በማግስቱ የቤት ደረጃ መውረድ ካቃተዎት 280 ለሚቀጥለው ቅዳሜ አይደለም። እኔ ለሰው የምመክረው ከለመዱት ቁጥር ላይ ሲሶ ብቻ መጨመር ነው፤ 80 ከሆነ ወደ 105። ይህ ሳይንስ አይደለም፣ ብዙ ሰው እያነከሰ ሲመለስ ካየሁ በኋላ የያዝኩት ልማድ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

«ቅርብ ነው» የሚለውን የአገሬው ሰው መልስ እንደ ሰዓት መቁጠር። «እቺን ጉብታ ተሻግረህ ነው» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ በእሱ እግር። «ስንት ጉብታ አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ስልክ የመዘገበውን ዳገት ሙሉ በሙሉ ማመን። ሁለት ሰዎች በአንድ መንገድ ሄደው ስልኮቻቸው የተለያየ ድምር ያወጣሉ። በካርታው ላይ ከፍተኛና ዝቅተኛ ቦታዎችን ለይቶ በእጅ መደመር ይሻላል።

ጂም በመሥራት መተማመን። ትሬድሚል ላይ ብዙ ጊዜ ቁልቁለት የለም፣ ኮረኮንችም የለም።

አዲስ ጫማ ለትልቁ ጉዞ ማስቀመጥ። እግር የሚልጥ ጫማ ማንኛውንም «ቀላል» በሁለት ሰዓት ውስጥ «ከባድ» ያደርገዋል።

የሌላ ሰው ፎቶ እያዩ መወሰን። ፎቶ የሚነሳው ጫፍ ላይ ነው፤ ዳገት ላይ ካሜራ የሚያወጣ የለም።

ለአዘጋጁ የሚልኩት መልእክት

ከታች ያለውን ገልብጠው መላክ ይችላሉ፦

«ሰላም፣ ለቅዳሜው ጉዞ፦ ርቀቱ ደርሶ መልስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ጠቅላላ ዳገቱና ቁልቁለቱ ስንት ሜትር ነው? ከፍተኛው ቦታ ስንት ሜትር ነው፣ የሚታደር ከሆነስ የት ከፍታ ላይ? እጅ የሚያስይዝ ወይም ገደል ዳር የሆነ ቦታ አለ? መሃል ላይ መመለስ ለሚፈልግ ሰው መውጫ መንገድ አለ? ከስንት ሰዓት ተነስተን በስንት ሰዓት እንመለሳለን?»

ጥሩ አስጎብኚ ይህን በአምስት ደቂቃ ይመልሳል፣ እንዲያውም ደስ ይለዋል። «አታስቡ፣ ቀላል ነው» ብቻ ካለ ግን ካርታውን ከፍተው ከደረጃ 2 ራስዎ ይጀምሩ።